ስሙን ቄስ ይጥራው ያልነውን ልጆቻችን ሲመራመሩት

የእህቴ ልጅ ሰባተኛ ክፍል ናት። የምትማረው ከዋሽንግተን ወጣ ብሎ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ባለ አንድ ሚድል ስኩል ነው። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቡና እየተፈላ ሳለ ላፕቶፗን ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ከፈተችና «ስለ ትምህርት ቤት ደህንነት ምርምር አድርጋችሁ ጻፉ ተብለናል። አምስት ምንጭ፣ ሁለት ገጽ» አለችኝ። ከላይ የጻፈችው ርዕስ «በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች የሚፈጸም ተኩስ» ይላል። እናቴ ረከቦቱ አጠገብ ተቀምጣ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ተረጎምኩላት። «ኧረ ስሙን ቄስ ይጥራው! ለሕፃን ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ይሰጣል?» ብላ ፊቷን አዞረች።

ልጅቷ ግን ነገሩን ከእናቴም ከእኔም በላይ ታውቀዋለች። ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ በር ሲቆለፍ፣ መብራት ሲጠፋ፣ ከመስኮት ርቆ ጥግ ላይ ትንፋሽ ውጦ መቀመጥን ተለማምዳለች። እኛ ስሙን አንጥራ ያልነውን እሷ በዓመት ብዙ ጊዜ በአካሏ ትለማመደዋለች።

የዚያን ቀን አብዛኛው ልጅ የሚያደርገውን አደረገች። ጉግል ላይ ጻፈች፤ ኮሎምባይን 1999፣ ሳንዲ ሁክ 2012፣ ፓርክላንድ 2018፣ ዩቫልዲ 2022 እያለ ተዘረገፈላት። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በግማሽ ሰዓት አንድ ገጽ ሞላች። ከዚያ ላፕቶፑን ገፋ አድርጋ «ነገ የግድ መሄድ አለብኝ?» አለች።

የቤት ሥራው በራሱ መጥፎ አልነበረም። ልጅቷ ርዕስ ነበራት፤ ጥያቄ ግን አልነበራትም። ርዕስ ይዞ ኢንተርኔት ውስጥ የገባ የ12 ዓመት ልጅ ፍርሃቱን አባዝቶ ይወጣል። መመለስ የሚችል ጥያቄ ይዞ የገባ ልጅ ግን ቢያንስ ምን እንደሚፈልግ ያውቃል፤ ሲያገኘውም ያቆማል። በአሜሪካ መምህራንና ወላጆች ዘንድ ስለ ትምህርት ቤት ደህንነት ልጆችን ማስጻፍ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ክርክር የሚያልፈው ይህንን ነው። የሚያስፈራው ርዕሱ ሳይሆን፣ ልጁ ርዕሱን በምን መያዣ ይዞት እንደሚገባ ማንም ሳያስተምረው መቅረቱ ነው።

የትምህርት መለኪያው ራሱ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ሜሪላንድ በ2010 የተቀበለችው ኮመን ኮር የተባለው የትምህርት መለኪያ፣ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ለአንድ ጥያቄ መልስ ለማግኘት አጭር ምርምር እንዲያደርግ፣ ከበርካታ ምንጮች እንዲቀዳና ከዚያ ተነስቶ ጠበብ ያሉ ሌሎች ጥያቄዎችን እንዲያወጣ ያዛል። ሲከራከርም ተቃራኒውን ሐሳብ መኖሩን አምኖ እንዲጠቅስ ይጠይቃል። በተግባር ግን ክፍል ውስጥ የሚቀረው «አምስት ምንጭ፣ ሁለት ገጽ» ብቻ ይሆናል፤ ጥያቄ የማውጣቱ ሥራ፣ ማለትም ዋናው ሥራ፣ ሳይሠራ ይታለፋል።

ላፕቶፑን ዘጋሁና «አንቺ ትምህርት ቤት ውስጥ የማይመችሽ ቦታ የት ነው?» ብዬ ጠየቅኳት። ብዙም አላሰበችም። ከጂም ወደ ካፌቴሪያ የሚያወርደው የኋላ ደረጃ ነው አለች። ከአራተኛው ክፍለ ጊዜ በኋላ ስድስተኛ ክፍሎች ሲወርዱ ስምንተኛ ክፍሎች ይወጣሉ፤ ቦርሳ ይገፋፋል፤ ትልልቆቹ ትንንሾቹን ሆን ብለው ግድግዳ ላይ ያጣብቃሉ። አንድ ልጅ ወድቆ እጁ ተሰብሯል። «ይህ ደህንነት አይደለም እንዴ?» ስላት ዝም ብላ አየችኝ። ደህንነት ማለት ሽጉጥ ማለት ብቻ መስሏት ነበር።

ብቻዋን አይደለችም፤ ትልልቆቹም እንዲሁ ነን። በአገሪቱ ሁሉ ለትምህርት ዕድሜ የደረሱ ልጆች ሲገደሉ፣ ግድያው የተፈጸመው ትምህርት ቤት ውስጥ የሆነባቸው ከመቶ 3 እንኳ አይሞሉም፤ ይህ የአሜሪካው የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ለዓመታት ሲያወጣው የቆየ ቁጥር ነው። በአንጻሩ በ2022 በተደረገው የፌዴራል መንግሥት ጥናት ከ12 እስከ 18 ዓመት ካሉ ተማሪዎች ከመቶ 19 ያህሉ ትምህርት ቤት ውስጥ ተገፍቻለሁ፣ ተሰድቤያለሁ፣ ተዋርጃለሁ፣ ማለትም እዚህ «ቡሊ ማድረግ» የሚባለው ደርሶብኛል ብለዋል። ከቦታዎቹ ሁሉ የሚበዛው መማሪያ ክፍሉ ራሱ ነው፤ ቀጥሎ መተላለፊያውና ደረጃው ይመጣል። የእህቴ ልጅ የጠቆመችው ደረጃ በአገሪቱ ሠንጠረዥ ላይ አለ ማለት ነው።

ይህን ስል ጥይቱን ማቃለሌ አይደለም። በ2020 የጦር መሣሪያ ከመኪና አደጋ በልጦ ለአሜሪካ ልጆችና ወጣቶች ቀዳሚው የሞት ምክንያት ሆኗል። በዚያው ልክ ደግሞ ትምህርት ቤት፣ ከሰፈርና ከቤት ጋር ሲነጻጸር፣ ልጅ የሚገደልበት ቦታ የመሆን ዕድሉ በጣም ያነሰ ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው። ሁለት እውነቶችን በአንድ አንቀጽ ውስጥ አንዱ ሌላውን ሳያጠፋ ማስቀመጥ መቻል ለሰባተኛ ክፍል ተማሪ ትልቅ ትምህርት ነው፤ እውነቱን ለመናገር ለብዙ ጋዜጠኛም ከባድ ነው።

መምህር ብሆን ኖሮ ለዚህ ርዕስ ከተመደበው ጊዜ ግማሹን የምሰጠው ለቁጥር ነበር። ለዚህም በ2018 ኤንፒአር የተባለው የሕዝብ ሬዲዮ ያወጣውን ምርመራ የመሰለ ማስተማሪያ አላውቅም። የፌዴራሉ የትምህርት መሥሪያ ቤት በ2015–16 የትምህርት ዘመን ወደ 240 የሚጠጉ ትምህርት ቤቶች ቢያንስ አንድ የተኩስ ድርጊት እንደደረሰባቸው ሪፖርት ማድረጋቸውን አሳተመ። ቁጥሩ የመንግሥት ነው፤ ሰንጠረዡም ይፋዊ ነው፤ ማን ይጠራጠራል? የሬዲዮው ጋዜጠኞች ግን ትምህርት ቤቶቹን አንድ በአንድ እየጠሩ ጠየቁ። ተፈጽሟል ብለው ማረጋገጥ የቻሉት 11 ብቻ ነበር። ከ160 በላይ የሚሆኑት ወይ «እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር አልደረሰም» አሉ፣ ወይም ሊያረጋግጡት አልቻሉም።

እንዴት ሊሆን ቻለ? የክሊቭላንድ ከተማ ትምህርት ቤቶች ነገር ሁሉን ያስረዳል። በመዝገቡ ላይ 37 የተኩስ ድርጊት ተጽፎባቸዋል። ሲጣራ፣ 37 ቁጥሩ ቢላ ወይም የጦር መሣሪያ ይዞ መገኘትን ለሚመለከተው፣ በቅጹ ላይ ከተኩሱ ጥያቄ በፊት ላለው መስመር የተሰጠ መልስ ሆኖ ተገኘ። አንድ መስመር ወደ ታች ወርዶ ተሞላ። ቢሮ ውስጥ ቅጽ የሞላ አንድ ሰው እጅ አንድ ሣንቲ ሜትር ስትንሸራተት አንዲት ከተማ የ37 ተኩስ ባለቤት ሆነች።

ይህን ታሪክ ለእህቴ ልጅ ስነግራት የጠየቀችው ጥያቄ ከሁለት ገጹ የቤት ሥራ ይበልጥ ነበር፤ «ታዲያ የደወሉት ሰዎች ባይደውሉ ኖሮስ?» አለች። ምርምር ማለት ይኸው ነው። አባቶች «ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» የሚሉት ለዚህ ነው፤ ቁጥሩን ካነበብክበት ቦታ አልፈህ ቁጥሩ ወደተወለደበት ክፍል መሄድ፣ ቅጹን ማን እንደሞላው፣ ጥያቄው ምን ይል እንደነበር መጠየቅ።

ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ የትርጉም ጉዳይ ነው። በየካቲት 2018 ከፓርክላንዱ እልቂት ማግስት «በዚህ ዓመት ብቻ 18 የትምህርት ቤት ተኩስ» የሚል ቁጥር አገሩን አዳረሰው። ምንጩ የጦር መሣሪያ ቁጥጥር እንዲጠብቅ የሚታገል ድርጅት ነበር። ዋሽንግተን ፖስት ቁጥሩን ሲፈትሽ፣ ከተቆጠሩት መካከል ሚሺጋን ውስጥ ከወራት በፊት በተዘጋ ትምህርት ቤት መኪና ማቆሚያ ራሱን ያጠፋ ጎልማሳ ሰው ጉዳይ ተገኘ። ድርጅቱ አልዋሸም፤ ሰፊ ትርጉም ይዞ ቆጠረ። ያው ጋዜጣ የራሱ የመረጃ ቋት አለው፤ እሱ የሚቆጥረው በትምህርት ሰዓት የተፈጸመውን ነው። ኬ ትዌልቭ ስኩል ሹቲንግ ዳታቤዝ የተባለው ደግሞ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ ሰዓቱ ማንኛውም ይሁን፣ በትምህርት ቤት ግቢ ጥይት በተተኮሰ ወይም ጥይት ግቢውን በመታ ቁጥር ይመዘግባል። ስለዚህ «በዚህ ዓመት ስንት?» ለሚለው ሦስት ምንጭ ሦስት መልስ ይሰጣል፤ ሦስቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ።

ለልጆች ይህንን ማስረዳት ከባድ አይደለም። «ክፍላችሁ ውስጥ ስንት ጠብ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁና ሁሉም በየወረቀቱ ይጻፍ። አንዱ ሁለት፣ አንዱ ሃያ ይላል። ጩኸት ጠብ ነው? ቴክስት ላይ የተጻፈ ስድብስ? ሁለት ወንድማማቾች እየተሳሳቁ ሲታገሉስ? በዚያች ክፍለ ጊዜ ትርጉም ከቁጥር በፊት እንደሚመጣ ያውቃሉ፤ ከዚያ በኋላ ማንም ቁጥር ይዞ ሊያስደነግጣቸው ይቸግረዋል።

ምንጭን ስለ መመዘን ባጭሩ ልበል። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2016 ባወጡት ጥናት ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑ የሚድል ስኩል ተማሪዎች «ስፖንሰርድ ኮንተንት» ተብሎ የተጻፈበትን ማስታወቂያ እውነተኛ ዜና ነው ብለው አምነዋል። ቡድኑ ኋላ ላይ እንዳሳየው የሰለጠኑ መረጃ አጣሪዎች አንድ ድረ ገጽ ሲያገኙ ገጹ ውስጥ አይቆዩም፤ ወዲያው ሌላ ገጽ ከፍተው «እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው? ሌላው ስለ እነሱ ምን ይላል?» ብለው ይፈልጋሉ። ይህ በአንድ ክፍለ ጊዜ የሚለመድ ነገር ነው። ለትምህርት ቤት ደህንነት ደግሞ እጥፍ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም መስኩ ጥይት የማይበሳው ቦርሳ፣ የበር መቀርቀሪያ፣ መሣሪያ የሚለይ ካሜራ በሚሸጡ ኩባንያዎች ድረ ገጽ የተሞላ ነው። «ጥናቶች ያሳያሉ» የሚል ጽሑፍ ግርጌው ላይ «አሁኑኑ ይዘዙ» የሚል ቁልፍ ካለው ልጁ ማየት አለበት።

የተቃራኒውን ሐሳብ መጥቀስም እዚህ ላይ ነው ስጋ የሚለብሰው። ብዙ ልጆች መጀመሪያ የሚጽፉት «በየትምህርት ቤቱ ፖሊስ ይቁም» የሚል ነው፤ ብዙ ወላጆቻችንም ይስማማሉ። ፓርክላንድ ግን መሣሪያ የታጠቀ ፖሊስ ነበረው፤ ወደ ሕንፃው አልገባም። ዩቫልዲ ላይ 376 የጸጥታ ሰዎች ደርሰው፣ ገዳዩን እስኪያስቆሙ ግን 77 ደቂቃ አለፈ። በሌላ በኩል ሜሪላንድ ውስጥ ያለው የሞንትጎመሪ ካውንቲ ከ2021 የትምህርት ዘመን ጀምሮ ፖሊሶቹን ከትምህርት ቤት አስወጣ፤ በጥር 2022 ማግሩደር ሃይስኩል መጸዳጃ ቤት ውስጥ አንድ የ15 ዓመት ተማሪ በሌላ የትምህርት ቤቱ ተማሪ ጥይት ቆሰለ፤ ተማሪዎች ለሰዓታት ተቆልፈው ቆዩ። ከዚያ በኋላ ካውንቲው ፖሊሶቹን በሌላ መልክ መለሳቸው። ልጁ እነዚህን ይዞ «አዎ» ወይም «አይ» ብሎ መዝጋት አይችልም። ፖሊሱ ምን ሊሠራ ነው የሚቆመው፣ ማን ያዘዋል፣ ከልጆቹ ጋር ያለው ግንኙነት ምን ይመስላል ወደሚሉት ጥያቄዎች መሄድ ይኖርበታል።

በር ተቆልፎ፣ መብራት ጠፍቶ የሚደረገው ልምምድ ራሱም ሊመረመር ይገባዋል። የጆርጂያ ቴክ ተመራማሪዎች በ33 ግዛቶች የሚገኙ 114 ትምህርት ቤቶች ዙሪያ ያሉ የማኅበራዊ ሚዲያ ጽሑፎችን፣ ልምምድ ከመደረጉ ከ90 ቀን በፊትና በኋላ አነጻጽረው፣ ከልምምዱ በኋላ የድብርት ምልክቶች በ39 በመቶ፣ የጭንቀት ምልክቶች ደግሞ በ42 በመቶ መጨመራቸውን አግኝተዋል። ጠንካራ ውጤት ነው። ጥናቱን አብሮ የሠራው ግን ከላይ የጠቀስኩት፣ 18 ብሎ የቆጠረው ድርጅት ነው። ይህ ጥናቱን አያፈርሰውም፤ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ግን ሁለቱንም ነገር ጽፎ ለአንባቢው መተው ይችላል።

እዚህ ላይ ለመምህራን አደራ የምለው ነገር አለ። ልጆችን ክፍል ፊት አስቁሞ «ምን ያስፈራችኋል?» ብሎ መጠየቅ ደግ አይደለም። ከ2020 እስከ 2022 በሰሜን ኢትዮጵያ ከነበረው ጦርነት ወጥቶ የመጣ ልጅ እዚያ ክፍል ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ በር ሲቆለፍና መብራት ሲጠፋ የሚመጣበት ነገር ከጓደኞቹ ይለያል። ጥያቄው በወረቀት ይሁን፤ ስም አይጻፍበት፤ ሌላ ርዕስ መምረጥ የሚፈልግም ሰበብ ሳይጠየቅ ይምረጥ። እሳት፣ አውቶቡስ፣ የእግረኛ ማቋረጫ፣ የመጠጥ ውሃ ቧንቧ ውስጥ ያለ እርሳስ፣ ሁሉም ደህንነት ናቸው።

ስለ እሳት ካነሳን፣ ለሚድል ስኩል ተማሪ ከሁሉ የሚመረጠው የታሪክ ምሳሌ የቺካጎው ይመስለኛል። ታኅሣሥ 1 ቀን 1958 በአወር ሌዲ ኦፍ ዘ ኤንጅልስ የካቶሊክ ትምህርት ቤት በተነሳ እሳት 92 ልጆችና 3 መነኮሳት አለቁ። ሕንፃው ከጥቂት ሳምንታት በፊት ተመርምሮ አልፎ ነበር፤ አሮጌ ሕንፃ ስለሆነ አዲሱ የእሳት ደንብ አይመለከተውም ነበርና። ሕግ ማሟላትና ደህና መሆን አንድ አለመሆናቸውን ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም። ዛሬ ልጆቻችን ሰልፍ ይዘው ወደ ሜዳ የሚወጡበት ልምምድና የሚጮኸው ደወል ከእንዲህ ያሉ አደጋዎች ምርመራ በኋላ የጠነከረ ነው። ልጁ ይህን ሲያውቅ መጻፍ ነገር እንደሚለውጥ ማንም ሳይሰብከው ይገባዋል።

ቃለ መጠይቅ ሌላው ትልቅ በር ነው። የእህቴ ልጅ የመጀመሪያዋን ቃለ መጠይቅ ያደረገችው ከእናቴ ጋር ነው። «እማማ፣ አንቺ ልጅ ሳለሽ ትምህርት ቤት ስትሄጂ ምን ያስፈራሽ ነበር?» ሳትጠየቅ ስሙን ቄስ ይጥራው ያለችው እናቴ፣ ስትጠየቅ አንድ ሰዓት አወራች። ወንዙን ነገረቻት። በክረምት የሚሞላውን ወንዝ፣ ትልልቆቹ ልጆች ገመድ ይዘው ትንንሾቹን እንደሚያሻግሩ፣ ውሃው ደፍርሶ ድንጋይ ሲያንከባልል ድምፁን ሰምተው ከዳር እንደሚመለሱ፣ መምህሩም ለቀሩት በትር እንደማያነሳ። ልጅቷ በእንግሊዝኛ እየጻፈች «ድንጋይ ማንከባለል» ምን እንደሆነ ሦስት ጊዜ አስደገመቻት። ከዚያ አንድ ነገር ለየች፤ እዚያም ትንንሾቹን የሚያሻግረው ትልልቁ ነበር፤ እዚህ ደረጃው ላይ ግን ትልልቁ ነው የሚገፋው። ይህን ዓረፍተ ነገር እኔ አልነገርኳትም።

ትምህርት ቤት ውስጥ ደግሞ ከርዕሰ መምህሩ ይልቅ ብዙ የሚያውቁት የጽዳት ሠራተኛው፣ የአውቶቡስ ሹፌሩና ካፌቴሪያ የሚሠሩት ናቸው። የትኛው በር እንደማይገጥም፣ የትኛው ጥግ ልጆች እንደሚሸሸጉበት፣ የትኛው ሰዓት ጠብ እንደሚነሳ ያያሉ። በዋሽንግተን አካባቢ ከእነዚህ ሠራተኞች ብዙዎቹ የእኛው ሰዎች ናቸው፤ አማርኛ የሚችል ልጅ ሌላው የማያገኘውን መልስ ያገኛል።

ጥንቃቄ የሚያሻው ነገርም አለ። ልጁ «ይህ በር በሁለት ሰዓት ክፍት ነው፣ ካሜራውም አይሠራም» ብሎ ካገኘ፣ ግኝቱ ለርዕሰ መምህሩ በእጅ የሚሰጥ እንጂ በክፍል ድረ ገጽ ላይ የሚወጣ አይደለም። ሁለተኛው ወላጆቻችን ብዙም የማያውቁት ነው፤ ትምህርት ቤት በሚሰጠው ኮምፒውተር ላይ ጋግል፣ ጎጋርዲያን፣ ሴኩርሊ የመሳሰሉ ፕሮግራሞች ተማሪው የሚፈልገውንና የሚጽፈውን እያነበቡ አስጊ የመሰላቸውን ለአስተዳደሩ ይጠቁማሉ። «የትምህርት ቤት ተኩስ» ብሎ ለቤት ሥራው የፈለገ ልጅም መረቡ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ለስደተኛ ቤተሰብ «ስለ ልጅዎ መነጋገር አለብን» የሚል ስልክ እንቅልፍ የሚነሳ ነገር ነው። ስለዚህ መምህሩ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ለአስተዳደሩም ለወላጅም ደብዳቤ መላክ አለበት፤ ደብዳቤውም ወላጅ በሚያነበው ቋንቋ ይሁን። የዋሽንግተን ዲሲ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ከ2004 ጀምሮ አለ፤ የሞንትጎመሪ ትምህርት ቤቶችም ለወላጆች በአማርኛ ይጽፋሉ። መጠየቅ ነው እንጂ ነውር የለውም።

አማርኛን ካነሳሁ አይቀር፣ ለልጆቻችን ከማንኛውም ድርሰት የሚሻል የጽሑፍ ሥራ እዚህ ተኝቷል። ብዙ የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች በአደጋ ጊዜ የሚጠቀሙባቸው አምስት ቃላት አሉ፤ ሆልድ፣ ሴኪውር፣ ሎክዳውን፣ ኢቫኩዌት፣ ሼልተር። ቃላቱን ያደራጀው ድርጅት በ2006 ኮሎራዶ ውስጥ ልጃቸው ትምህርት ቤት ውስጥ የተገደለችባቸው ወላጆች ያቋቋሙት ነው፤ ስሙንም ያወጡለት በዚያ ቀን «እወዳችኋለሁ» ብላ ከላከችላቸው መልእክት ነው። አንዲት እናት ሥራ ላይ ሆና ስልኳ ላይ «ሴኪውር» የሚል መልእክት ሲደርሳት ከ«ሎክዳውን» ጋር ካምታታችው መኪናዋን አስነስታ ትከንፋለች። ሴኪውር ማለት ግን አደጋው ከሕንፃው ውጭ ነው፣ የውጭ በሮች ተቆልፈዋል፣ ትምህርት ቀጥሏል ማለት ነው። ሎክዳውን ማለት በር ተቆልፏል፣ መብራት ጠፍቷል፣ ልጆች ከዕይታ ተሰውረዋል ማለት ነው። ሆልድ ደግሞ መተላለፊያው ነጻ እንዲሆን ሁሉም ባለበት ክፍል ይቆይ ነው፤ አንድ ልጅ ታሞ አምቡላንስ ሲመጣም ይታዘዛል። ኢቫኩዌት ሕንፃውን ለቆ መውጣት፣ ሼልተር ደግሞ እንደ አውሎ ነፋስ ካለ አደጋ መጠለል ነው። የሰባተኛ ክፍል ተማሪ እነዚህን አምስት ቃላት አጥንቶ፣ ለሴትየዋ በሚገባት አማርኛ አንድ ገጽ ላይ ቢጽፍና ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ደጃፍ ላይ ቢያድል ምንጩን፣ ትርጉሙን፣ አንባቢውን በአንድ ጊዜ ተማረ። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ማርክ ብቻ አይጠብቅም፤ የሚፈልገው ሰው አለ።

ልጆች የጻፉት ነገር መውጣት ይችላል ወይ? በ1969 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጦርነትን ተቃውማ ጥቁር ጨርቅ ክንዷ ላይ በማሰሯ ስለታገደች የ13 ዓመት ልጅ፣ ስለ ወንድሟና ስለ ጓደኛው ሲፈርድ ተማሪዎች በትምህርት ቤት በር ሲገቡ የመናገር መብታቸውን ጥለው አይገቡም ብሏል። በ1988 በሌላ ፍርድ፣ ትምህርት ቤት የሚያሳትመውን ጋዜጣ ርዕሰ መምህሩ ሊያርም እንደሚችል ወሰነ። ሜሪላንድ ደግሞ በ2016 የተማሪ ጋዜጠኞችን የሚጠብቅ ሕግ አውጥታለች። ልጁ ይህን ቢያውቅ ደብዳቤውን በትህትና ግን ሳይሸማቀቅ ይጽፋል።

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም፤ ለቤታችን ባህል ቅርብ ስለሆነ። የአሜሪካ ሲክሬት ሰርቪስና የትምህርት መሥሪያ ቤቱ ከ1974 እስከ 2000 የተፈጸሙ 37 ጥቃቶችን መርምረው በ2002 ባወጡት ሪፖርት፣ ከጥቃቶቹ 81 በመቶ በሚሆኑት ቢያንስ አንድ ሰው አስቀድሞ እቅዱን ያውቅ እንደነበር አገኙ። የሚያውቁት ሁሉም ማለት ይቻላል እኩዮች ነበሩ፤ ጓደኛ፣ የክፍል ልጅ፣ ወንድም ወይም እህት። እኛ ቤት ወሬ የሚያመላልስ ልጅ «አሳባቂ» ይባላል፤ ጥሩ ስም አይደለም። ልጆቻችን ግን በሁለት ባህል መካከል ናቸው፤ ትምህርት ቤት «ሰማችሁ ከሆነ ተናገሩ» ይላል፣ ቤት «በሰው ነገር አትግባ» ይላል። ሜሪላንድ ከ2018 ጀምሮ ስም ሳይጠቀስ የሚጠቆምበት መስመር ከፍታለች፤ ልጁ ግን ለመጠቀሙ ቤቱ የፈቀደለት መሆን አለበት። ሰውን ለማስቀጣት መናገርና ሰውን ለማዳን መናገር እንደሚለያዩ፣ ይህ ምርምር በሚጻፍበት ጠረጴዛ ላይ እናትና አባት ካልተናገሩት ማን ሊናገረው ነው?

የእህቴ ልጅ በመጨረሻ ስለ ደረጃው ጻፈች። ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ሦስት ቀን ምሳ ሰዓት ደብተር ይዘው ቆሙ፤ አራት ቋሚ መስመር፣ አምስተኛው አግድም፣ ደወሉ ከተደወለ ጀምሮ ደረጃው ባዶ እስኪሆን ድረስ። አንዷ የወረዱትን፣ አንዷ የወጡትን፣ ሦስተኛዋ የተገፉትን ቆጠረች። መጀመሪያ «መገፋት» ምን ማለት እንደሆነ ተጨቃጭቀው ተስማሙ፤ እግሩ ከቦታው የተነቃነቀ ልጅ ብቻ ይቆጠር ተባለ። ሦስተኛው ቀን ዝናባማ ነበር፤ በዚያን ቀን የተሞላው ገጽ ከሁለቱ በግልጽ ይበዛል፤ ምክንያቱም የውጭው መተላለፊያ ስለሚዘጋ ሁሉም በዚያች ደረጃ ይገባል።

ጽሑፏ ሁለት ገጽ አልሞላም። አምስት ምንጭ ግን ነበራት፤ የፌዴራሉ ጥናት፣ የሬዲዮው ምርመራ፣ የጽዳት ሠራተኛው፣ አያቷና የራሷ ደብተር። ጥያቄዋ ስድስተኛ ክፍሎች ሁለት ደቂቃ ቀደም ብለው ይለቀቁ የሚል ነበር። ምክትል ርዕሰ መምህሯ ደብዳቤውን አንብባ መለሰችላት፤ «ችግሩ የዝናብ ቀን ብቻ ነው ወይስ ሁልጊዜ? አንድ የዝናብ ቀን አይበቃም» ብላ። ልጅቷ መጀመሪያ ተናደደች። ከዚያ የአየር ሁኔታውን ስልኳ ላይ ከፈተች። ማክሰኞና ሐሙስ ዝናብ ይጥላል ይላል። እርሳሷን ቀረጸች፤ ደብተሯንም ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።